የስለቴ ግብጦ ከኩሬው ሥር

ነገሩ የሆነው በ1955 ዓ.ም.፣ በበጋው፣ የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም በገባበት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ የምንኖረው ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ሲኬድ ከመንገዱ ወረድ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ነበር። እኔ ወደ አገሩ በጋብቻ የመጣሁ ነኝ። አገውኛ እሰማለሁ እንጂ አልናገርም ነበር። አማርኛም ቢሆን ብዙ አልናገርም። ባለቤቴ ለእንግዳ ሲያስተዋውቀኝ፣ "ቃል እንደ ጨው ነው የምትቆጥበው" ይል ነበር።

በዕድሜዬ አብዝቼ የተናገርኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። መዘዙም የመጣው ከዚያ ነው።

በፊቱ ክረምት፣ ነሐሴ ላይ፣ የአራት ዓመት ልጄን ኩፍኝ ያዛት። ሰውነቷ ነደደ፤ ዓይኗ ተከደነ። እኔ ከአልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ። "ልጄን ማሪልኝ፣ በየካቲቱ በዓልሽ ሁለት ቁና ግብጦ አመጣለሁ" ብዬ ባበቃ ይበቃ ነበር። ልጅቱ ግን ዓይኗን አልገለጠችም። ስለዚህ ጨመርኩበት። ግብጦውን በራሴ እጅ እዘራዋለሁ አልኩ። ልጅቱ ዝም። እኔው አጭደዋለሁ፣ እኔው ቀቅዬ እኔው ውሃ ውስጥ አዘፈዝፈዋለሁ አልኩ። አሁንም ዝም። በጀርባዬ ተሸክሜ፣ ከእኔ በቀር የማንም እጅ ሳይነካው፣ ደጅሽ አደርሰዋለሁ አልኩ። ያን ጊዜ ልጄ ዓይኗን ገልጣ እናቴ አለችኝ።

ዳነች። ምስጋና ይድረሳት።

ግብጦን የማያውቅ ቢኖር፣ ከባቄላ ያነሰ፣ ነጭ፣ ጠፍጣፋ ጥራጥሬ ነው። ሌላ እህል እምቢ ባለ መሬት ላይ ይበቅላል። ምሬቱ ግን ምላስ ያደርቃል፤ ተቀቅሎ በወራጅ ውሃ ውስጥ ቀናት ካልሰነበተ አይበላም። ከሰነበተ ደግሞ በጾም ወራት እንደ እርሱ ሆድ የሚይዝ የለም።

መስከረም ላይ ዘራሁት። ጥር ላይ አጨድኩት። ባለቤቴ ማሳው ዳር ቆሞ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ያየኝ ነበር። ስለቱን ነግሬዋለሁና በጣም ይጠነቀቃል። ማጭዱን እንኳ የሚሰጠኝ መሬት ላይ አስቀምጦ፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው።

"ማጭዱን ብትነካው ምንም አይደለም" አልኩት።

"በስለት አልጫወትም" አለኝ። ደስ ብሎት እንደነበር ከፊቱ አይቻለሁ። ያን ዓመት አጨዳ ላይ ወገቡን አላመመውም።

ግብጦውን ቀቀልኩና በቃጫ ከረጢት አድርጌ ወደ ወንዝ ወረድኩ። የሰፈራችን ሴቶች የሚያዘፈዝፉት ውሃው ጠፍጣፋ አለት ላይ ሳስቶ በሚያልፍበት ቦታ ነው። ከረጢቱን በገመድ ከዛፍ ሥር ያስሩና፣ ውሃ እንዳያንሳፍፈው አንድ ድንጋይ ከአንገቱ ላይ ያንጠለጥላሉ። በቀደመው ዓመት የጎረቤቴን ከረጢት ውሃ ወስዶት ነበር። እኔ ያን እያሰብኩ በአንድ ድንጋይ ፈንታ አራት ድንጋይ በገመድ ጠፍሬ አንጠለጠልኩ። የስለት ነገር ነው፤ ድንጋይ በበዛ ቁጥር የሚጸና መሰለኝ።

ከአለቱ ጫፍ ቀጥሎ ወንዙ ጥልቅ ኩሬ ይሠራል። ጥልቀቱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ረቡዕ ጠዋት ልገላብጠው ብወርድ የተበጠሰ ገመድ ብቻ አገኘሁ። አለቱ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይዞ ያሙለጨልጫል፤ ድንጋዮቹ ከረጢቱን ጎትተው ወደ ኩሬው ይዘውት ገብተዋል። በሆዴ ተኝቼ ቁልቁል አየሁ። በበጋ ውሃው የጠራ ነው፤ ሥሩ ድረስ ያሳያል። ከረጢቴ እዚያ ነው። እንደ ታሰረች ፍየል በገመዱ ላይ ወዲህ ወዲያ ይላል።

በዓሉ ቅዳሜ ነው።

ባለቤቴን ጠራሁት። አየና ልብሱን ማውለቅ ጀመረ።

"እንዳትነካው" አልኩት።

"አልነካውም። አይቼው ልመለስ። ዓይን እጅ አይደለም።"

ትልቅ ድንጋይ አቅፎ ዘለለ። ቀጥ ብሎ ወረደ፤ ሥሩ ሲደርስ ጭቃው እንደ ጭስ ተነሣና ኩሬው ሁሉ ደፈረሰ። ጥቂት ቆይቶ ብቅ አለ፤ ጸጉሩ ላይ ጭቃ ተለጥፎበታል።

"ነካኸው?"

"ማንን?"

"ከረጢቱን።"

"እጄንም አላየሁት፣ እንኳን ከረጢት።" ዓይኑን ጠረገ። "ስወርድ ግን አየሁ። ድንጋዮችሽ በሁለት አለት መሃል ተሰንቅረዋል። ከላይ ቢጎተት ከረጢቱ ይቀደዳል። አንድ ሰው ወርዶ ድንጋዩን ከከረጢቱ መፍታት አለበት። በሁለት እጁ።"

"እኔ ነኛ" አልኩ።

ባለቤቴ አየኝ። ከጉልበቴ በላይ ውሃ የነካኝ በጥምቀት ብቻ መሆኑን ያውቃል።

ወደ ንስሐ አባታችን ሄድን። ጓሯቸው ንብ ቀፎ ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው። ከዘር እስከ ኩሬ ድረስ ያለውን ነገርኳቸው። ባለቤቴ ከመንገድ ጀምሮ ያሰበው አንድ ነገር ነበረውና እኔ ሳልጨርስ ገባ።

"አባ፣ የማንም እጅ አይንካው ነው ያለችው። ፈረስ እጅ የለውም። በፈረስ ብናወጣውስ?"

በእኛ አገር ለሁሉ ነገር መላው ፈረስ ነው። ለሠርግም ለኀዘንም።

አባ ጥቂት አሰቡ። "ልጓሙን ማን ይይዛል?"

"እኔ።"

"በምንህ?"

ባለቤቴ እጁን አየ።

"ልጄ፣" አሉኝ አባ ወደ እኔ ዞረው፣ "ሰው ሲሳል አንድ ነገር ይሳላል። አንቺ እኮ ውል ነው የተዋዋልሽ። ልፈታልሽ እችላለሁ። ግን ሳትሞክሪ ብፈታልሽ ዓመቱን ሙሉ እየከነከነሽ እኔኑ ስትመላለሺብኝ ትኖሪያለሽ፤ አውቅሻለሁ። እስከ ዓርብ ማታ ሞክሪ። ካቃተሽ ሌላ ግብጦ ይዘሽ ነይ። ብቻሽን ግን ውሃ እንዳትገቢ። ገመድ ይኑርሽ፣ ገመዱን የሚይዝ ሰውም ይኑርሽ።"

አውቃለሁ፣ ሌላ ግብጦ ብወስድ ኪዳነ ምሕረት አትቀየመኝም ነበር። እኔ ግን ልጄን ባየሁ ቁጥር ያን ነሐሴ አስታውሳለሁ። እርሷ የሰጠችኝን አላጎደለችም። እኔ እንዴት ላጉድል?

ቤት ስንገባ እማሆይ ምድጃ ዳር ተቀምጠዋል። እማሆይ የባለቤቴ አክስት ናቸው፤ ጾሙን ከእኛ ጋር ሊያሳልፉ ከጣና ዳር መጥተው ነበር። ምላሳቸው ስለታም ነው፤ ጉልበታቸው ግን ከድቷቸዋል። ነገሩን ሲሰሙ ሳቁ።

"ለዚህ ነው ፊታችሁ የጠቆረ? እኔ ልጅ ሳለሁ የአባቴ መረብ ከውሃ ሥር ድንጋይ ሲይዘው ወርጄ የምፈታው እኔ ነበርኩ። ወንድሞቼ እንደ ጎሽ ውሃውን ያደፈርሱታል። ነገ አስተምርሻለሁ።"

"አይከብድም?" አልኳቸው።

"መስመጥ አይከብድም፤ ማንም ይሰምጣል። መንሳፈፍም አይከብድም፤ ኩበትም ይንሳፈፋል። የሚከብደው መሃሉ ነው።"

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ወረድን። ባለቤቴ ወንድ እንዳያልፍ ጠባቂ ሆኖ ከጉብታው ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ፈረሱን ይዞ ቆመ። እማሆይ ወገቤ ላይ ገመድ አስረው ጫፉን እጃቸው ላይ ጠቀለሉት፤ በሌላው እጃቸው መቋሚያቸውን ይዘዋል። ጎረቤቴ ውሃ ልትቀዳ መጣች። እኔን ስታይ እንስራዋን አስቀምጣ ተቀመጠች። ውሃው እንዳላስቸኮላት ገባኝ።

አማተብኩና ገባሁ። ቀሚሴ ደረቅ ነበር፤ አየሩን ይዞ ተነፋና እስከ ብብቴ ድረስ ድንኳን ሆነ። ቀኝ ስጫነው በግራ ይነሣል፣ ግራ ስጫነው በቀኝ። በኩሬው ላይ ቀስ ብዬ መዞር ጀመርኩ።

"ሰመጠች?" አለ ባለቤቴ ከጉብታው፣ ሳይዞር።

"አልሰመጠችም" አለች ጎረቤቴ።

"ምነው?"

"ቀሚሷ አልፈቀደላትም።" ከዚያ በአገውኛ አንድ ነገር ጨመረች። ለእሱ ነው፤ ግን ሰማሁት። ኪዳነ ምሕረት ይቅር ትበላት።

እማሆይ በገመዱ እንደ ጥጃ ጎተቱኝና አወጡኝ። ቀሚሴን በውሃ አርሰው ጨመቁት፤ ከጉልበቴ በታች በመቀነት አሰሩት። "አሁን ግቢ።"

ገባሁ። ደረቴ እስኪያመኝ ድረስ አየር ሳብኩና ራሴን ወደ ታች ደፋሁ። ራሴ ገባ። የቀረው አካላቴ አልገባም። እግሬ ውጭ ሲራገጥ ይሰማኛል።

"ምን ይዘሽ ነው የገባሽው?" አሉኝ እማሆይ ስወጣ።

"ምንም።"

"ትንፋሽ ይዘሻል። ሆድሽ ውስጥ ስልቻ ነፍተሽ ውሃ አልቀበለኝም ትያለሽ። የፈራ ሰው አየር ይሰበስባል።"

ባለቤቴ ከጉብታው ገባበት። "እማሆይ፣ ጾም ስለያዘች ነው። ባዶ ሆድ ይንሳፈፋል።"

"አንተ ትናንት በምን ሰመጥክ ታዲያ?" አሉት። "ረቡዕ አልነበረም እንዴ?"

ባለቤቴ የፈረሱን አንገት ማሻሸት ጀመረ።

ጎረቤቴ እግሯን አጣጠፈች። "በእናቶቻችን ጊዜ ኃጢአት የከበደው ነው የሚሰምጠው ይባል ነበር። አንቺ እንዲህ አልሰምጥ ካልሽ ጻድቅ ልትሆኚብን ነው።"

ቀጥሎ ትንፋሼን ሁሉ አውጥቼ ገባሁ። እንደ ወፍጮ መጅ ወረድኩ። የምይዘው የለም፣ የምረግጠው የለም። ገመዱን በሁለት እጄ ቧጥጬ ስወጣ ብዙ ውሃ ዋጥኩ።

"ተመስገን፣" አለች ጎረቤቴ፣ "እንደ እኛው ናት።"

እኔ ሌላ ነገር ነበር ያስጨነቀኝ። ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም። "እማሆይ፣ ውሃ ዋጥኩ። ጾሜ ተሻረ?"

"ሳትወጂ የገባ አይቆጠርም።" ጥቂት አሰቡ። "ግን አታብዢው።"

ከዚያ በኋላ ነው ትምህርቱ የጀመረው። እማሆይ ጠጠር አስለቀሙኝ፤ የእንቁላል ያህል የሚሆኑ። ነጠላዬን አጥፈው ጠጠሮቹን በእጥፋቱ ደርድረው ወገቤ ላይ አሰሩት። አለቱ ዳር ቆሜ፣ ትንፋሼን ግማሽ ይዤ፣ እጅና እግሬን ሳላንቀሳቅስ ውሃው ላይ እንድቆም አዘዙኝ። አገጬ ላይ ቆመ። "ጨምሪ" አሉኝ፤ ጠጠር ጨመርኩ። አፍንጫዬ ላይ ቆመ። "ጨምሪ።" ጠፋሁ። "ቀንሺ።" ውሃው ቅንድቤ ላይ ሲቆም መቋሚያቸውን አነሡ። "በቃ። ይህ ነው ልክሽ። አሁን ጥቂት ትንፋሽ ብትለቂ ትወርጃለሽ፣ ብትይዢው ትቆሚያለሽ። ከዚህ በላይ ድንጋይ ድንጋይ ነው።"

ያን ጊዜ ስለ አራቱ ድንጋዮቼ አሰብኩ። 

ትንፋሼን እንዴት እንደምለቅ ስጠይቃቸው አቡነ ዘበሰማያትን በልቤ እንድል ነገሩኝ። ጸሎቱ እኩሌታው ሲደርስ ጥቂት ልቀቂ፣ ሲያልቅ ወደ ላይ ተመለሺ አሉኝ። አደረግኩት። ወረድኩ፤ በዝግታ፣ በራሴ ፈቃድ። ደስ አለኝና እግሬን ወረወርኩ። እግሬ ጭቃውን ነካ፤ ኩሬው ደፈረሰ፤ ከረጢቱም ጠፋ።

"ወንድሞቼ ሆንሽ" አሉ እማሆይ።

እስኪጠራ ተቀምጠን ጠበቅን። ሲጠራ እንደገና ገባሁ፤ እንደገና አደፈረስኩት። በመጨረሻው ማጭድ ይዤ ልውረድና የድንጋዩን ገመድ ልቁረጥ አልኩ። እማሆይ ተዪ አሉኝ፤ አልሰማሁም። ማጭዱም እዚያው ቀረ። ፀሐይ ጠለቀች።

ማታ ከራት በኋላ እማሆይ መደቡ ላይ በሆዴ አስተኙኝ። ጉልበቴን አጥፌ ውስጥ እግሬን ወደ ጣሪያው እንዳነሣና እንደ እንቁራሪት በዝግታ እንድከፍትና እንድዘጋ አዘዙኝ። "ሥሩ ስትደርሺ ቀጥ ብለሽ አትቁሚ፤ እንዲህ ተኚ። እግርሽ ከወገብሽ በላይ ከሆነ ጭቃውን አታገኚውም። እጅሽን አታርገብግቢ። ቤተ ክርስቲያን እንደምትቆሚው ሰብስቢው።" ልጄ አጠገቤ በሆዷ ተኝታ እንደ እኔ ታደርጋለች። ከእኔ ይልቅ ቀለላት። ባለቤቴ ፈረሱን አስሮ ሲገባ ሁለታችንን አየ። በሩን መልሶ ዘጋና ውጭ ጥቂት ቆይቶ ገባ።

"አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉኝ እማሆይ ከመተኛታችን በፊት። "ሥሩ ስትደርሺ ትከብጃለሽ። ከላይ ልክሽ የነበረው እዚያ ይበዛብሻል፤ ውሃው ደረትሽን ይጨምቀዋል። ያን ጊዜ አትፍሪ፣ እግርሽንም አትወርውሪ። አንድ ጠጠር ጣይ።"

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን፣ ምንም ሳንቀምስ ወረድን። ባለቤቴ ጉብታው ላይ ጀርባውን ሰጠ። ጎረቤቴ ዛሬ እንስራም አልያዘችም። ከረጢቱን የምጎትትበትን ሁለተኛ ገመድ አንገቴ ላይ አጠለቅኩና አማተብኩ።

የመጀመሪያውን ወረድኩ። ከረጢቱ ከፊቴ ነው። ልክ እንደተባልኩት ከበደኝና ወደ ጭቃው መውረድ ጀመርኩ። እግሬ ሊወረወር ሲል ጠጠሩን አስታወስኩ። አንዱን ለቀቅኩት፤ ጭቃው ውስጥ ጥልቅ አለ። እኔ ቆምኩ።

ይህን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ምንም አልያዝኩም፤ ምንም አልያዘኝም። ከላይ አልተንጠለጠልኩም፤ ከታች አልተቀመጥኩም። ቆሜያለሁ፣ ግን በእግሬ አይደለም። ትንሽ ዓሣ መጥቶ አየኝና ሄደ። ያን ሁሉ ዓመት በእጄ አንድ ነገር ሳልይዝ፣ በጀርባዬ ሳላዝል የቆምኩበት ቦታ አልነበረም። ጸሎቱ አለቀና ወጣሁ።

"ደፈረሰ?" አሉ እማሆይ።

"አልደፈረሰም" አለች ጎረቤቴ፣ አለቱ ላይ በሆዷ ተኝታ ወደ ታች እያየች። እንደ ትናንቱ አልቀለደችም።

ሁለተኛውን ወርጄ ቋጠሮውን ያዝኩ። አልተፈታም። ሦስተኛውንም ወረድኩ። ቃጫው ውሃ ጠጥቶ አብጧል፤ ቋጠሮው በቋጠሮ ላይ ነው፤ በዚያ ላይ ሌላ ቋጠሮ አለበት። ወጥቼ አለቱን ይዤ ተነፈስኩ።

"ምን ሆነሽ ነው?" አሉኝ እማሆይ።

"ቋጠሮው ጠበቀ።"

"ማነው እንዲህ ያሰረው?"

"ያው የማንም እጅ አልነካው፣" አለ ባለቤቴ ከጉብታው፣ "ማን ሊሆን ነው?"

እየወረድኩ አንዱን ቋጠሮ እፈታለሁ፤ እየወጣሁ እተነፍሳለሁ። ብርዱ ጣቴን አደነዘዘው። ፀሐይዋ ከጉብታው በላይ ትንሽ ነው የቀራት። እማሆይ "ይብቃሽ፣ ከንፈርሽ ጠቁሯል" አሉኝ። አንዴ ልውረድ አልኳቸው። ገመዱን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ወረድኩ፤ ጠጠሬን ጣልኩ፤ እግሬን አነሣሁ። አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። የመጨረሻው ቋጠሮ እኩሌታው ላይ ላላ። ድንጋዮቹ እዚያው ቀሩ፤ ከረጢቱ ጎኑን ሰጥቶ ጋደም አለ። ሁለተኛውን ገመድ በአንገቱ አዙሬ አሰርኩ። አንድ ቋጠሮ ብቻ አሰርኩ። ትንፋሼ ሊያልቅ ነበር፤ ወገቤ ላይ ያለውን ነጠላ ፈትቼ ጠጠሩን ሁሉ ለቀቅኩና ወጣሁ።

አለቱ ላይ ወጥቼ መጎተት ጀመርኩ። ውሃ ውስጥ እያለ ቀላል ነው፤ በቀስታ ከፍ ከፍ እያለ መጣ። ከውሃው ሲወጣ ግን ከበደ። አለቱ ያሙለጨልጫል፤ እጄ በርዷል። ከረጢቱ ጫፉ ላይ ሆኖ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረ።

"ልርዳሽ?" አለ ባለቤቴ።

"እንዳትዞር!" አልን ሦስታችንም።

ያን ጊዜ እማሆይ መቋሚያቸውን ዘርግተው ከረጢቱን ከሥሩ ደገፉት። ቆመ። እኔም በቀረኝ ኃይል ጎትቼ አለቱ ላይ አወጣሁት። ከዚያ ሦስታችንም መቋሚያውን አየነው።

"እንጨት ነው" አሉ እማሆይ።

"የያዘው ግን..." አለች ጎረቤቴ።

"እንጨት ነው አልኩሽ። ነገር አታርዝሚ።" መቋሚያቸውን በቀሚሳቸው ጠራረጉት። "አባ ከጠየቁ እኔ እመልሳለሁ።"

ባለቤቴ እንዲዞር ፈቀድንለት። ዞሮ ከረጢቱን አየ፤ ቀጥሎ እኔን አየ። ጥርሴ ይንገጫገጭ ነበር። ጋቢውን አውልቆ ትከሻዬ ላይ ጣለልኝ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በፊቴ በፊቴ ሄደ፤ እሾህ ያለበትን እየጠቆመ፣ በአገጩ።

ጠዋት ሳይነጋ ተነሣሁ። ግብጦውን በንጹሕ ውሃ አለቀለቅኩት። አንዱን ፍሬ ቀምሼ ምሬቱ መሄዱን ላውቅ ፈለግኩ፤ ከቅዳሴ በፊት ነውና አልቀመስኩም። ከረጢቱን አዝዬ ዳገቱን ወጣሁ። ጀርባዬ ውሃ ሆነ። እማሆይ ከኋላዬ በበቅሎ፣ ልጄ ከአባቷ ጋር በፈረስ መጡ። ደጀ ሰላሙ ላይ አባ ቆመው ነበር። ከረጢቱን ሲያዩ ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው አስታወሱና እጃቸውን ካባቸው ውስጥ ከተቱ። እኔው አወረድኩት፤ እኔው ፈታሁት። እማሆይ ወደ አባ ጠጋ ብለው ስለ እንጨት አንድ ነገር ሹክ አሏቸው። አባ ሰማዩን አይተው ወደ ቅዳሴው ገቡ።

ቅዳሴው ሲያልቅ ሕዝቡ ዋርካው ሥር ተቀመጠ፤ እኔም እየዞርኩ ለየሰዉ በእፍኝ በእፍኝ ሰጠሁ። ከሌላው ጊዜ ሁለት ቀን አብልጦ ውሃ ውስጥ ሰንብቷልና ምሬት የሚባል አልነበረበትም። ጎረቤቴ ሁለቴ ተቀበለችኝ። ከረጢቱ ባዶ ሲሆን ከሥሩ የተረፈውን ይዤ ጥላው ውስጥ ተቀመጥኩ። ልጄ መጥታ ጭኔ ላይ ወጣች። ግብጦውን በጣቴ ጫን ሳደርገው ፍሬው ከልጣጩ ተፈናጥሮ ይወጣል። እየላጥኩ አጎረስኳት።